የጎላሎ ከብቶች በባቄላ የተቆጠሩበት ዕለት

ሴቻ ውስጥ የኤርጫፎን የበረዶ ሣጥን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት በአውቶቡስ የገባ ነው፣ ወይ ገና አልተወለደም። ሣጥኑ አዲስ ሳለ ሆዱ ነጭ፣ ክዳኑ ቀይ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሆዱም ክዳኑም የካምባን መንገድ አቧራ መስለው ቀሩ። ኤርጫፎ ከዚህ ሣጥን ተለይቶ የታየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ አንዴ ክርስትና ሲነሳ፣ አንዴ ሲሞሸር። ክርስትና ሲነሳ ሣጥኑ ገና አልተሠራም ነበር። ስለ ሠርጉ ደግሞ ሚስቱ አይዳ እስከ ዛሬ ትጠራጠራለች።

"ፎቶው ላይ ከወንበሩ ሥር ቀይ ነገር ይታያል" ትላለች። "የሚዜው ካልሲ ነው ብሎ አስተባበለኝ። ሚዜው ካልሲ አላደረገም ነበር።"

ሥራው ከብት መከተብ ነው። የተማረው ዘጠኝ ወር ቢሆንም ከጫኖ እስከ ካምባ ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ "ኧረ ዶክተር አይደለሁም" ይል ነበር። ሰዉ ይህን እንደ ትሕትና ቆጥሮለት "ዋና ዶክተር" ማለት ሲጀምር፣ ነገሩ ሚኒስትርነት ሳያደርሰው ዝም ማለት ይሻላል ብሎ ተወው።

ወደዚህ ሥራ የገባው በአንድ በሬ ምክንያት ነው። ልጅ ሳለ ጫኖ ውስጥ አባቱ ቦራ የሚባል በሬ ነበራቸው። ቦራ አንድ ቀን ሳል ጀመረው። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ በሬው የሚስለው ልክ እንደ ገበሬ ማህበሩ ጸሐፊ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ንግግር ሊጀምር እንደተነሳ ሰው ነበርና። በሁለተኛው ወር የሚስቅ ጠፋ። በሬው እየበላ ከሳ። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠር ጀመር፣ ዳሌው እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጠጠ፣ በአምስተኛው ወር ትልም መሐል ተንበርክኮ ሳይነሳ ቀረ። ያን ዓመት አባቱ ማሳውን በመቆፈሪያ ቆፈሩት። ኤርጫፎ በኋላ ሲሰማ፣ ለከብት ሳምባ በሽታ የሚሆን ክትባት በዚያው ሰሞን ሴቻ ድረስ መጥቶ ነበር አሉ፤ ጫኖ ሳይደርስ በረዶው አለቀና ተደፋ። በሬያቸውንና ክትባቱን የለያየው የአንድ ጥዋት መንገድና አንድ ባልዲ የማይሞላ በረዶ ነበር። እንግዲህ ሰው ለምን ከሣጥኑ ጋር እንደሚኖር አይጠየቅም።

በ1988 ዓ.ም. ጥር ላይ ከካምባ ወሬ መጣ። ሳምባው ከወንዝ ማዶ ያሉትን መንደሮች ይዟል፤ ወንዙ ደግሞ በበጋ የሕፃን ቁርጭምጭሚት አያርስም፤ ከወንዙ ወዲህ የመጀመሪያው ቀበሌ ጎላሎ ነው። የኤርጫፎ አለቃ አቶ ፈቃደ አምስት ብልቃጥ ክትባትና አንድ እሽግ ቅጽ ሰጥተው ላኩት። ብልቃጦቹን በእጃቸው ሰጡት፤ ቅጹን ግን በሁለት እጃቸው።

በእያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ የመቶ ከብት ክትባት ደርቆ፣ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ቀዝቃዛ ማቅጠኛ ውሃ ሲገባበት ይነቃል። ከነቃ በኋላ ግን እንደ ስብሰባ ተናጋሪ አይደለም፤ ዕድሜው አንድ ሰዓት ነው። በዚያች አንድ ሰዓት መቶ ከብት ከተወጋበት ተወጋ፤ አንድ ከብት ብቻ ከመጣች ዘጠና ዘጠኙ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ክትባት ሰጪ ከመርፌ በፊት የሚያስፈልገው ቁጥር ነው፤ ነገ ስንት ከብት ይመጣል?

የጎላሎው ሊቀመንበር ማርቆስ ቁጥሩ አፉ ላይ ነበር።

"ዘጠና" አለ። "ምናልባት ሰማንያ ዘጠኝ። አንዷ ሰሞኑን አልታየችኝም።"

ኤርጫፎ ቀና ብሎ ሸንተረሩን አየ። ማርቆስ "ዘጠና" ባለበት አፍታ ውስጥ ብቻ ስልሳ ያህል ከብት ከእንሰቱ ጀርባ ሲያልፍ ይታየዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎላሎ ውስጥ ሰው ከብቱን አፍ አውጥቶ አይቆጥርም። ላም ያለው ሰው ደግሞ ላሙን በራሱ ደጅ አያስርም። አንዷን ለዚህ ቤት፣ አንዷን ለዚያ ቤት ለርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ወተቱን ይጠጣል፣ ፋንድያውን ለእንሰቱ ያደርጋል፣ የመጀመሪያው ጥጃ ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለአርቢው ይሆናል። የማን ላም የት እንዳለች የሚያውቁት ሰጪው፣ ተቀባዩና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም አይናገሩም። በሽታ አንድ ደጅ ቢገባ ሁሉንም አይጨርስም፤ ክፉ ዓይን የሚያርፍበት መንጋ አያገኝም፤ አማች ለልመና ሲመጣ ባዶ በረት አይቶ አዝኖ ይመለሳል።

ኤርጫፎ የጋሞ ልጅ ነው፤ ይህን ሁሉ ጥርሱን ሳይነቅል ያውቃል። ችግሩ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አርባ ምንጭ ላይ ስለ ግልጽነት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ነበር። የሦስት ቀን ሥልጠና ሰው የሠላሳ ዓመት ዕውቀቱን ለመርሳት ይበቃዋል። ቅጹ ላይ "የባለቤት ስም" እና "የከብት ብዛት" የሚሉ ዓምዶች ነበሩ፤ ባዶ ዓምድ ደግሞ ሥልጠና የወሰደ ሰውን ዓይን እንደ ጉድፍ ይቆረቁራል።

ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት ቤት ዞረ። ሰዉ ይወደዋል፤ ቦርዴ እየቀዳ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በጆሮው "የእኔ አይደለችም፣ የእገሌ ናት" አለው። ኤርጫፎ ጻፈ። ረቡዕ ዕለት ድምሩ አራት መቶ ሠላሳ ሰባት ሆነ። አምስቱ ብልቃጥ ይበቃል። ከደስታው ብዛት ዝርዝሩን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጦ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ዱቡሻ በተባለው አደባባይ፣ ትልቁ ዛፍ ላይ ለጠፈው። ከላይ "ስሕተት ያለ እንደሆነ ባለቤቱ ቀርቦ ያስታርም" ብሎበታል።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ይበቃ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ነበሩ፣ ሁሉም ድምፃቸው ጥሩ ነው። ከስሞቹ መሐል አቶ ገነነ ሲደርስ አንባቢው ቆመና ዓይኑን ጠረገ።

"ገነነ፣ አርባ አንድ።"

አቶ ገነነ በጎላሎ በድህነታቸው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ሸሚዛቸው ላይ ካለው ጨርቅ እራፊው ይበልጣል። ባለፈው ወር ቀበሌው ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሰው ሁሉ እንጨት ያምጣ ሲል "አቶ ገነነ ምን አላቸው ብለን ነው" ተብለው ተትተዋል። ገበያው በሙሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ዛፉን አዩት፣ ወረቀቱን አዩት፣ ከዚያ ኤርጫፎን አዩትና አንዳች ሳይሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሐሙስ ጥዋት ኤርጫፎ ብልቃጦቹን ይዞ ከብት በአንድ በአንድ የሚያልፍበት የእንጨት አጥር አጠገብ ቆመ። ፀሐይ ወጣች። ሸንተረሩ ላይ አንድ ጭራ አይታይም። ሌላው ቀርቶ ዝንቦቹ እንኳ ከብቶቹን ተከትለው የሸሹ ይመስል ነበር። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት አንዲት ዳለቻ ላም እየጎተተች መጣች። አበራሽ ናት፤ ባሏ በክረምቱ የሞተባት፣ ምላሷ ግን ያልሞተባት።

"ሰው የት ሄደ?" አላት።

"ሰው አለ። ከብት ነው የሌለው። ትናንት አራት መቶ ነበር፤ አንተ ጽፈህ ጨረስከው።" ላሟን ወደ አጥሩ ገፋቻት። "የእኔን ውጋት።"

"እህቴ፣ ብልቃጡን ለአንዲት ላም ብከፍተው የዘጠና ዘጠኝ ከብት መድኃኒት ይደፋል።"

"ለእኔ ግን አንድ ብቻ ናት።" ድምጿ ዝቅ አለ። "እሷም የእኔ እንዳልሆነች ወረቀትህ ላይ ተጽፏል። የአቶ ገነነ ናት። የመጀመሪያውን ጥጃ ለሳቸው ሰጥቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ካረገዘች ሦስት ወሯ ነው፣ ይሄኛው የእኔ ነው። በሕይወቴ የእኔ የምለው የመጀመሪያው ከብት ሆዷ ውስጥ ነው። ማዶ ከብቶቹ ሲስሉ ከቤቴ ይሰማል፣ ታውቃለህ?"

ኤርጫፎ ያውቃል። እሱም ሌሊቱን ሰምቶታል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ንግግር ሊጀምር የተነሳ ሰው። እጁ ወደ ሣጥኑ ክዳን ሄዶ ተመለሰ።

"ነገ" አላት። "ካልሆነ ከነገ ወዲያ። ሌሎቹን ላምጣ።"

"እስክትወጋ ድረስ በየቀኑ ይዣት እመጣለሁ" አለች። "አቶ ገነነ አታውጪ ብለውኛል። ይበሉ። እኔ ያለቻቸውን አንዲት ላም አምነው የሰጡኝ መስሎኝ ነበር።"

ከሰዓት በኋላ አቶ ገነነ ቤት ሄደ።

"እንደምን ዋሉ አባቴ?"

"ደህና። ቁጭ በል። አርባ አንድ ላም ያለው ሰው ቤት መቀመጫ አይጠፋም።"

ኤርጫፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ትናንት አማቾቼ መጡ" አሉ አቶ ገነነ። "ሦስቱም። አንደኛው የሞተ መስሎኝ ነበር።"

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

"እኔን? እኔ ምን አለኝና፤ አንዲት አሮጊት ላም።" ከልማድ የመጣባቸው ነገር ነበር፤ ራሳቸውም ሰሙት። ከዚያ ቀስ ብለው ቀጠሉ። "ስማ ልጄ። አርባ አንድ ላሜ አርባ አንድ ቤት ነው ያለችው። እያንዳንዱ ቤት የሚያውቀው የራሱን አንዷን ነበር። እያንዳንዱ 'ገነነ ያለችውን አንዲት ላም ለእኔ አምኖ ሰጠኝ' እያለ ይኮራ ነበር። አሁን አርባ አንድ ቤት ተቀይሞኛል። ከአማች በላይ ይሄ ነው የከበደኝ።"

"ከብቶቹ ካልተከተቡ ግን..."

"ሳምባን ለእኔ አትንገረኝ። የአባቴን በረት ባዶ ያደረገው እሱ ነው። አርባ አንድ ቤት የበተንኳቸው ለምን ይመስልሃል? እናንተ መርፌ እስክታመጡ የእኛ መርፌ ይሄ ነበር።"

ይህ ሥልጠናው ላይ አልተሰጠም።

"ወረቀቱን ልቅደደው?"

"የተነበበ ወረቀት ቢቀደድ ምን ይሆናል። የጋሞ ልጅ አይደለህም እንዴ? ሰውን በአደባባይ ያስቀየመ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ልትሰማ ነው?"

ኤርጫፎ አንገቱን ደፋ። ያውቃል።

ያን ዕለት ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ብልቃጦቹን ወደ ካምባ መለሳቸው። ካምባ ውስጥ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ያላት ነጋዴዋ ዙሁራ ብቻ ናት። ፍሪጁ የወረዳው ታላቅ ሰው ነው፤ ሰው ገበያ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ሰላም ብሎ ነው ወደ ጉዳዩ የሚሄደው።

"ዛሬም መለስካቸው?" አለች ዙሁራ፣ ለስላሳ ጠርሙሶቹን ገፋ እያደረገች። "ፍሪጄን የላም ሆስፒታል አደረግከው። እኔ ደግሞ ላም አልወድም፤ ትሸተኛለች።"

"እስከ ቅዳሜ ብቻ።"

"ከቅዳሜ በኋላ ብትለምነኝም የለም። ላምባዬ ቅዳሜ ያልቃል። መኪናው የሚመጣው ማክሰኞ ነው፤ እሱም ጎማው ከፈቀደ። ቅዳሜ ካልወጋህ መድኃኒትህን ከለስላሳው ጋር ሞቅ አድርገህ ጠጣው።"

እንግዲህ ኤርጫፎ የነበረው አንድ ዓርብ ነው።

ዓርብ ጥዋት ወንዙ ዳር ወርዶ እርጥብ ሣር ነጨ። ዝርዝሩን ከዛፉ ላይ ነቅሎ ከሣሩ ጋር በሁለት እጁ ያዘና ዱቡሻው መሐል ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ በየድንጋያቸው ተቀምጠዋል። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ያጠፋ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይቀርባል፣ ሽማግሌ ሣሩን ከእጁ ከተቀበለ ነገሩ አለቀ፤ ካልተቀበለ ሰውየው እዚያው ደርቆ ሣሩም ይደርቃል።

ኤርጫፎ ንግግሩን ሌሊቱን ሲያጠና ነበር ያደረው። ከአባቱ በሬ ጀመረ፤ ጫኖን ጨርሶ ወደ ሴቻ ወጣ፤ ሥልጠናውን ሲረግም ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቁጥሩ ለበሽታው እንጂ ለሰው ዓይን መውጣት አልነበረበትም" ሲል ጎንበስ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ከጀርባው ደግሞ አበራሽ እንደማለችው ዳለቻዋን ላም ይዛ ቆማለች፤ ገመዱን ግን ነገሩ ልቧን ነክቶት ላላ አድርጋዋለች።

ኤርጫፎ እጁ ሲቀለው ተሰማው። ሽማግሌ የተቀበለው መስሎት ዓይኑን ገለጠ። ላሟ ናት። ሣሩን ከነዝርዝሩ ከእጁ ወስዳ፣ አራት መቶ ሠላሳ ሰባቱንም፣ የባለቤቶቹንም ስም፣ "ቀርቦ ያስታርም" የሚለውንም፣ ዓይኗን ከደን እያደረገች ታላምጣለች። የመጨረሻው ቁራጭ ከከንፈሯ ጥግ ሲንጠለጠል ከሩቅ የሚታየው "ገነነ" የሚለው ነበር። እሱንም በምላሷ ሰበሰበችው።

እንዲህ ያለ ነገር በአያት በቅድመ አያት ጊዜ አልታየም። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና "ሣሩን ሽማግሌ አልተቀበለውም፤ እርቁ አልተፈጸመም" አለ። ሌላው "ዶክተሩ ግን ሰጥቷል፤ እጁ ባዶ ነው" አለ። ክርክሩ ቢለቀቅ እስከ መስቀል ይሄድ ነበር። አቶ ገነነ ተነሱ። ላሟን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ የራሳቸው ላም ናት፣ አሁን ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

"ይህ ሰው ማንን ነው የበደለው?" አሉ። "ከብትን ነው። ከብት ደግሞ ሣሩን ተቀብላዋለች። እሷ ከማረችው እኛ ምን አግብቶን ነው?"

ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። የአቶ ገነነን ጥርስ ጎላሎ ያየው ያን ዕለት ነው፤ ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ስለ ጥርሳቸው ግን ዋሽተው አያውቁም። ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ፤ ኤርጫፎም እንደተንበረከከ ሳቀ። አቶ ገነነ ወደ አበራሽ ዞረው ቀስ ብለው "ያስቀየምኩሽን ተይልኝ" አሏት። "ያለችኝ አንዷ አልነበረችም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠሁት ግን ለአንቺ ነው።"

"ይሄንን ለአርባውም ሊነግሩ ነው?" አለች አበራሽ።

"እንደ ሰዉ ሁኔታ።"

ይቅርታው አለቀ፤ ችግሩ ግን አላለቀም። አዲስ ቁጥር ካልተገኘ ነገ ስንት ብልቃጥ በስንት ሰዓት እንደሚነቃ አይታወቅም። ማርቆስ ተነስቶ "ዘጠና" ሲል ላሟም ቀና ብላ አየችው።

"እኔ የምለው" አለች አበራሽ፣ "አምና ምርጫ ጊዜ ወረቀቱን ከመጋረጃ ጀርባ ነው የከተትነው። ማንን እንደመረጥኩ ባሌ እስኪሞት አላወቀም፤ ስንት ጊዜ እንደለመነኝ። ወረቀቱ ግን ተቆጠረ። ከብቱስ ለምን እንዲያ አይቆጠርም?"

ቅል መጣ። ከእንሰቱ ጀርባ፣ ሰው በማያይበት፣ ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ደንቡ አጭር ነበር፤ ባለቤቱ፣ ከብቷ በማንም ደጅ ትደር፣ ነገ ለምትመጣው ለእያንዳንዷ ቅሉ ውስጥ አንድ ባቄላ ይጨምር። ከብት የሌለውም ባዶ እጁን ጨብጦ ይግባ፣ ምንም ሳይጥል ይውጣ። ስም የለም፣ ወረቀት የለም።

ጎላሎ ተሰለፈ። ሰው እንደ ቁርባን ተራውን ጠብቆ፣ ጭብጡን ከጋቢው ሥር አድርጎ ይገባል፤ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብበት ይወጣል። አንዳንዱ ጭብጥ ግን ከጋቢው ሥር የሕፃን ራስ ያህል ነበር። አቶ ገነነ ሲገቡ ትንሽ ቆዩ። ከእንሰቱ ጀርባ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። የተሰለፈው ሁሉ በጨዋ ደንብ ወደ ሰማይ አየ። ደመና አልነበረም።

ቅሉ ተገልብጦ ባቄላው በአደባባይ ተቆጠረ። አራት መቶ ስልሳ ሦስት። ከዝርዝሩ በሃያ ስድስት ይበልጣል፤ በሹክሹክታ እንኳ ያልተነገሩ ነበሩ ማለት ነው።

"ከዘጠናው ትንሽ ከፍ ይላል" አለ ማርቆስ።

ቅዳሜ ጥዋት ጎላሎ ምድሩ ከብት ሆነ። ቀይ፣ ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ቀንዷ የዞረ፣ ቀንድ የሌላት፤ ሸንተረሩ ራሱ ተነስቶ በአራት እግሩ የሚሄድ መሰለ። ዙሁራ በበቅሎ መጣች። የመጨረሻውን በረዶ በገለባ ጠቅልላ፣ በጆንያ አስራ፣ በሌላው ጎን ለስላሳ ጭናለች።

"ላም አልወድም ብለሽ አልነበረም?" አላት ኤርጫፎ።

"ለስላሳ ልሸጥ ነው የመጣሁት። ሥራህን ሥራ፤ በረዶው አንተን አይጠብቅም።"

የመጀመሪያውን ብልቃጥ በሁለት ሰዓት አነቃ። መጀመሪያ የገባችው የአበራሽ ዳለቻ ናት፤ ዝርዝሩን ከበላች ወዲህ መንደሩ እንደ ሹም ያሳልፋታል። ኤርጫፎ ከትከሻዋ ኋላ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጎ መርፌውን ከሥሩ አስገባ። ላሟ ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። አበራሽ ግን ትንፋሿን ይዛ ቆይታ፣ መርፌው ሲወጣ ለቀቀችው።

"አለቀ?"

"አለቀ። ትንሽ እብጠት ቢኖር አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ሥራ እየሠራ ነው።"

ከዚያ በኋላ ወሬ አልነበረም። መቶው ሲያልቅ ሁለተኛው ነቃ፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ሦስተኛው። ወንዶቹ አጥሩን ደግፈው ይገፋሉ፣ አበራሽ ለተወጋው ሁሉ ከባቄላው አንድ አንድ እያነሳች ወደ ቅሉ ትመልሳለች። ኤርጫፎ ላቡ በዓይኑ እየገባ፣ ከብት እንጂ ሰው አይታየውም ነበር፤ አንድ ጊዜ እጁ የደረሰበትን ሁሉ ሲይዝ ማርቆስን ከትከሻው ኋላ ቆንጥጦት፣ ማርቆስ "እኔ ዘጠና ውስጥ የለሁም" ብሎ አመለጠው።

በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ መሬት ላይ አንድ ባቄላ አልቀረም። ከአምስተኛው ብልቃጥ የሠላሳ ሰባት ከብት ክትባት ተርፏል፤ የሠላሳ ደቂቃ ዕድሜም አለው። ኤርጫፎ ሊደፋው እያዘነ ቀና ሲል ከገደሉ ሥር ቀስ እያሉ ሌሎች ከብቶች ብቅ አሉ። የማን እንደሆኑ የሚነዳቸውም ሰው የሚያውቅ አይመስልም፤ ፉጨት እያፏጨ በአጋጣሚ እነሱ ወደሚሄዱበት የሚሄድ ነበር የሚመስለው።

"ለቅሉም ዋሽተውታል" አለች አበራሽ።

ሠላሳ አንድ ነበሩ። ከመሐላቸው ሦስት ወፍራም ላሞች ሲያልፉ ዙሁራ ጀርባዋን ሰጥታ ጠርሙስ ትቆጥር ጀመር፤ ጠርሙሶቹ ግን ከተሸጡ ቆይተዋል። ሦስተኛዋ መርፌውን ስትቀበል ዙሁራ ሳትዞር "ጠበቅ አድርገህ ወጋት፤ ያቺ ተንኮለኛ ናት" አለች። ኤርጫፎ ማን እንደተናገረ አልሰማም። ከሐሙስ ጀምሮ ብዙ ነገር አለመስማት ተምሯል።

ሴቻ ሲመለስ አቶ ፈቃደ ቅጹን ተቀበሉ። የከብት ብዛት በሚለው ሥር አራት መቶ ዘጠና አራት ተጽፏል። የባለቤት ስም የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

"ስሞቹስ?"

"ላም በላቻቸው።"

አቶ ፈቃደ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። ኤርጫፎ በዐሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቱ ቀልዶባቸው አያውቅም። ትንሽ አሰቡና "በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት" ብለው ዓምዱ ላይ በራሳቸው እጅ ጽፈው ማኅተሙን መቱበት።

በነሐሴ ኤርጫፎ እንደገና በጎላሎ አለፈ። ወንዙ ሞልቷል። ማዶ ከየሦስቱ በረት አንዱ ባዶ እንደሆነ መንገድ ላይ ሰምቷል፤ የቀሩትን ለመከተብም ሣጥኑን ተሸክሞ በላይኛው ድልድይ ወደዚያው እየሄደ ነው፤ ዘንድሮ እዚያም ቅል ተዘጋጅቷል አሉት። ጎላሎ ውስጥ ግን ቆሞ ጆሮውን ሰጠ። ዝናቡ ይሰማል፣ የእንሰቱ ቅጠል ይሰማል፣ አንድ ሰው ከሩቅ ሚስቱን ይጠራል። የሚስል ከብት የለም።

አበራሽ ደጅ ደረሰ። ዳለቻዋ ላም ወገቧ ሞልቶ፣ ጠጉሯ እንደ ቅቤ እያበራ ታመነዥጋለች። ከጎኗ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ እግሯ ከሰውነቷ የረዘመ አንዲት ጥጃ ቆማለች። ጥጃዋ ሳትፈራ መጥታ የኤርጫፎን የኮት እጅጌ አፏ ውስጥ ከታ መጥባት ጀመረች።

"ደህና ነሽ አበራሽ?"

"ደህና ነኝ ዶክተር። ቤት ግባ። ብቻዬን ነኝ፤ ምንም የለኝም።"

"አያለሁ" አለ ኤርጫፎ፣ እጅጌውን ከጥጃዋ አፍ እየጎተተ። "ግቢው ባዶ ነው።"

አበራሽ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ ጎረቤቱ አጥር አየች። ከመቀነቷ ጫፍ አንድ ነገር ፈትታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን ራሷ ከደነችለት። አንዲት ባቄላ ናት።

"ለሚመጣው ጥር" አለች።

ኤርጫፎ አላየም፣ አልቆጠረም፣ አልጻፈም። የሣጥኑን ክዳን ከፍቶ ባቄላዋን ከብልቃጦቹ አጠገብ፣ በረዶው ላይ አስቀመጣትና መንገዱን ቀጠለ።